ወጪ ኢሜይላችን በየትኛው በር ይውጣ?

ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ «የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ልከናል» ሲል፣ ተቀባዩ ደግሞ «አልደረሰንም» ሲል የሚነሣው አለመግባባት ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። መልእክቱ ብዙ ጊዜ የጠፋ ሳይሆን በአይፈለጌ መልእክት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው። የጉድጓድ ቁፋሮ ክፍያ የሚለቀቅበት ሪፖርት በዚያ ሳጥን ሁለት ሳምንት ቢከርም ጉዳቱ የሚደርሰው ውኃውን በሚጠብቀው ሕዝብ ላይ ነው።

ኢሜይል የሚተላለፍበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ላኪው ማንነቱን እንዲያረጋግጥ አያስገድድም ነበር፤ ማንም በሌላው ስም መጻፍ ይችል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ተቀባይ ሰርቨሮች አስቀድመው ይጠራጠራሉ። መልእክቱ የመጣበት የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር በየጊዜው የሚለዋወጥ የቢሮ መስመር ከሆነ ብዙዎቹ አይቀበሉትም። በርካታ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎችም ሰርቨሮች የሚገናኙበትን 25 ቁጥር ፖርት ለደንበኞቻቸው ይዘጋሉ።

መፍትሔው የየቢሮው መልእክት መልካም ስም ባለው አንድ አስተላላፊ ሰርቨር በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የመዝገብ ቤታችንን አሠራር እናስታውስ፤ ደብዳቤ በየክፍሉ ይጻፋል፣ ወጪ የሚሆነው ግን ቁጥርና ማኅተም አግኝቶ በአንድ በር ነው። በፖስትፊክስ ሪሌይሆስት በሚባለው መስመር ላይ የአስተላላፊው ስምና 587 ቁጥር ፖርት ይጻፋሉ፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ግንኙነቱም በቲኤልኤስ ይመሰጠራል። የይለፍ ቃሉን የያዘውን ፋይል ከሰርቨሩ አስተዳዳሪ በቀር ማንም እንዳያነበው መዝጋት ይገባል፤ ቀላል ቢመስልም የሚረሳው ይህ ነው።

ማኅተሙ የሚገኘው ከዶሜይናችን መዝገብ ነው። ኤስፒኤፍ በስማችን እንዲልኩ የፈቀድንላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ሲሆን፣ ዲኪም መልእክቱ በመንገድ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃል። አስተላላፊ ሲጨመር ነባሩ የኤስፒኤፍ መስመር ይታረማል እንጂ ሁለተኛ አይከፈትም፤ ሁለት ከሆኑ ማረጋገጫው ይፈርሳል።

አስተላላፊ ሰርቨሩን በራሱ የሚያቆም ቢሮ ማይኔትወርክስ በሚባለው መስመር ላይ የራሱን አውታር ብቻ ያስገባ። ሰርቨሩ ለማንም ክፍት ከሆነ አጭበርባሪዎች ይልኩበታል፤ አድራሻውም በጥቁር መዝገብ ይገባል፤ በዚያ በር የሚልኩት ቢሮዎች ሁሉ የዕዳው ተካፋይ ይሆናሉ።

ሥራው ሲያልቅ ወደ አንድ የጂሜይል አድራሻ የሙከራ መልእክት ልከን፣ የመልእክቱን ዋና ቅጂ ከፍተን ኤስፒኤፍና ዲኪም ማለፋቸውን እንመልከት። በቢሯችን ሰርቨር መዝገብ ላይ «ተልኳል» የሚለው ቃል አስተላላፊው መረከቡን ብቻ ይነግረናል፤ ለተቀባዩ መድረሱን አይነግረንም።