ሕጉ ቀባሪን ያውቃል፤ ጧሪንስ?

ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላል። ስሙማ፣ ሰሞኑን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን (ቁጥር 1156/2011) ሳገላብጥ ምርቃቱ ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። እናት ወይም አባት ሲሞት ሠራተኛው 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ያርፋል። እናት አልጋ ስትይዝስ? የዓመት ፈቃዱን ካልነካ በቀር፣ «ለየት ያለና ከባድ ሁኔታ ገጥሞኛል» ብሎ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መጠየቅ ይችላል፤ ያውም ያለ ደመወዝ፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ላይበልጥ። አርቃቂዎቹ ለቅሶ ቤት የዋሉ እንጂ ያስታመሙ አይመስሉም!

ይህም ለተቀጠረ ሰው ነው። ከጊንጪ እስከ ጌዶ አረጋዊ የሚጦሩት በአብዛኛው ገበሬውና ባለ ጉሊቷ ናቸው። አምቦ ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር አንዲት ሴት አስቡ። ጎህ ሲቀድ እናቷን ታገላብጣለች፣ ገላዋን ታብሳለች፣ አጥሚቱን በማንኪያ ታጠጣለች፣ ከዚያ ደግፋ አውጥታ ጀርባዋን ፀሐይ እንዲነካው በር ላይ ታስቀምጣታለች። መደቧ ጋ ስትደርስ የማለዳው ገዢ አልፏል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከገባች የእናቷን ሕክምና ያግዛታል። የባከነ ቀኗን ግን ማንም አይቆጥርላትም።

ግዴታዋን ግን ሕጉ አልረሳም። ቀለብ ሲባል ትዝ የሚለን የሕፃን ነው አይደል? ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ግን ሠርቶ ማደር ያቃተው ወላጅም ከልጁ ቀለብ መጠየቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 አረጋውያንን መርዳት የመንግሥት ሥራ ነው ይላል፤ አቅም በፈቀደ መጠን። በሁለቱ መካከል ያለችው ሴት ስሟ አልተጠራም።

ሕገ መንግሥቱ በጸደቀበት በዚያው በ1987 ጀርመን የእንክብካቤ መድን ጀመረች። እዚያ ለአረጋዊው የሚሰጠው ገንዘብ ለሚያስታምመው ዘመድ ሊተርፍ ይችላል፤ መድኑ የአስታማሚውን የጡረታ መዋጮ ጭምር የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ሀብታም አገር ስለሆነች ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ለለቅሶ የተፈቀደውን 3 ቀን ለማስታመምም መፍቀድ ግን የጀርመንን ካዝና አይጠይቅም።

ለባለ ጉሊቷ አዋጁ አይደርስላትም፤ እድር ግን ይደርስላታል። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ይህን ጠይቁልኝ፦ ለቀብር ወረፋ የምናወጣ ሰዎች፣ በገበያ ቀን ግማሽ ቀን አረጋዊ ለሚጠብቅ ወረፋ ብናወጣስ?