አምስት ደቂቃ የሚሄደው ባቡር

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ዕድሜውን ሁሉ አምስት ደቂቃ ሄዶ አምስት ደቂቃ በመመለስ የሚያሳልፍ ባቡር አለ። የፕሪንስተንን ከተማ፣ ኒው ዮርክና ፊላዴልፊያን በሚያገናኘው ዋና መስመር ላይ ካለው ፕሪንስተን ጀንክሽን ጣቢያ ጋር ያገናኛል። ርቀቱ 4.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዉ «ዲንኪ» ይለዋል፤ ሚጢጢ እንደ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፉርጎው አንድ ወይም ሁለት ሲሆን ኤሌክትሪኩን ከራሱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ ይወስዳል። የሚጎትተው ሌላ ባቡር አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ከወለሉ ሥር ነው። መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ አይዞርም፤ ነጂው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ከዚያ ይነዳዋል። ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ የሚመላለሰው ባቡርም አንድ ስለሆነ መተላለፊያ አላስፈለገም። የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ከኒው ዮርክ የሚመጣው ባቡር ቢዘገይ፣ ዲንኪ ይጠብቀው ወይስ ይሂድ? ከጠበቀ፣ ፕሪንስተን ላይ ቆመው እሱን የሚጠብቁት ደግሞ ጀንክሽን ላይ የሚሳፈሩበት ባቡር ያመልጣቸዋል። ባለ ቅርንጫፍ መስመር ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት።

ይህ ሁሉ የመጣው ዋናው መስመር ከከተማዋ በመራቁ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. የተዘረጋው ሐዲድ የውሃ ቦዩን ተከትሎ በከተማዋ አጠገብ ያልፍ ነበር። በ1860ዎቹ ግን ኩርባው ቀንሶ ቀጥ ብሎ በሌላ በኩል ተሠራ፤ ፕሪንስተንም ወደ ጎን ቀረች። ቅርንጫፉ በ1865 የተከፈተው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ የገባለት በ1936 ነው።

የሚገርመው ግን፣ ከተማዋን ከዋናው መስመር ጋር ሊያቀራርብ የተሠራው ቅርንጫፍ ራሱ ከከተማዋ እያፈገፈገ መሄዱ ነው። መጀመሪያ ጣቢያው ብሌር ሆል ከተባለው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ እግር ሥር ነበር፤ ተማሪው ከባቡር ወርዶ በደረጃው ሽቅብ ይወጣ ነበር። በ1918 ወደ ደቡብ ተገፋ። በ2013 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ሕንፃዎች ሊሠራ ሲል ሌላ 140 ሜትር ያህል ተገፋ። ነዋሪዎች ተቃውመው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። 140 ሜትር ምን አላት? ይባል ይሆናል፤ በበረዶ ሻንጣ እየጎተተ ለሚሮጥ ሰው ግን ባቡሩ የሚያመልጠው በእሷ ነው።

በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ ተቋርጦ ለሰባት ወር ያህል አውቶቡስ ተተካ። በግንቦት 2019 ባቡሩ ወደ መመላለሱ ተመለሰ።