ትንሿ ኮምፒዩተር አልነሣ ያለች ጊዜ
የጠፉ የማስነሻ ፋይሎች እንዴት እንደሚመለሱ

መሣሪያ በደኅና ሲሠራ ሁሉን ደስ ያሰኛል። የቆመ ጊዜ ግን የሥራውን መንገድ ያላወቀ ሰው ይደነግጣል፤ የደነገጠም ሰው ደኅናውን ሳይቀር ያበላሻል። በጫጫና በአንጎለላ ዙሪያም ሆነ በሌላው አገር ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ብትኖር፤ እርስዋ ባልተነሣችበት ቀን የሚደረገውን አስቀድሞ ማወቅ ለአስተማሪው ይገባዋል። ስለ ትምህርት ቤቱ ንብረት የሚመክሩ ሽማግሌዎችም ነገሩን ቢረዱት መልካም ነው።

ራስቤሪ ፓይ የምትባለው ኮምፒዩተር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ታስባ የካቲት 21 ቀን 2004 ዓ.ም. ለሽያጭ ወጣች። ያሰቧትም ሰዎች ዓላማ ልጆች በጥቂት ዋጋ ኮምፒዩተር አግኝተው ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩ ነበር። ሁለመናዋ በአንድ ገበታ ላይ የተሠራ ነው፤ ርዝመትዋ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፤ ወርድዋም ከ6 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። የምታውቀውን ነገር የምታኖረው ብዙውን ጊዜ የጣት ጥፍር በሚያህል ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ይህ ካርድ እንደ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ታናሹ ክፍል እንደ ደጀ ሰላም በመግቢያው ያለ ሲሆን፤ ኮምፒዩተርዋን የሚያስነሡ ፋይሎች የሚቀመጡበት ነው። ታላቁ ክፍል ግን ሊኑክስ የሚባለው የሥራ ሥርዓት፤ የተማሪዎች ጽሑፍ፤ የማርክ መዝገብና ልዩ ልዩ ትምህርት የሚገኝበት ነው።

ኮምፒዩተርዋ ኤሌክትሪክ ባገኘች ጊዜ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ በተራ ትነሣለች እንጂ በአንድ ጊዜ አትነቃም። በመጀመሪያ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በቺፕዋ ውስጥ የተቀረጸ፤ ማንም ሊፍቀው የማይችል አጭር ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ ወደ ካርዱ ታናሽ ክፍል ሄዶ ቡትኮድ የሚባለውን ፋይል ይፈልጋል። ቡትኮድ ስታርት የሚባለውን ይጠራል፤ ስታርትም ፊክስአፕ ከሚባለው ረዳቱ ጋራ ሆኖ በኮንፊግ ፋይል የተጻፈውን ሥርዓት ያነባል፤ ከዚህም በኋላ ከርነል የሚባለውን የሥራውን ሁሉ አለቃ ያስነሣል። ዲቲቢ የሚባሉ ፋይሎች ደግሞ የገበታውን አሠራር ለከርነል ይገልጹለታል። ከርነል ታላቁን ክፍል የሚያገኘው ሲኤምዲላይን በሚባለው ፋይል በተጻፈ አንድ መሥመር ምሪት ነው።

በ2008 ዓ.ም. እስከ ወጣው እስከ 3ኛው ዓይነት ድረስ ሥርዓቱ ይህ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው በ4ኛው ዓይነት የቡትኮድ ሥራ በገበታው ላይ ወዳለ ሌላ ቺፕ ተዛውሯል፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣው በ5ኛው ደግሞ የስታርት ሥራ ወደዚያው ገብቷል። ከርነል፤ ኮንፊግና ሲኤምዲላይን ግን በሁሉም ከካርዱ ይነበባሉ።

ፋይሎቹ የሚጠፉበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን አለማወቅ ነው። አንድ ሰው ካርዱን ዊንዶውስ በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካው ታናሹ ክፍል ብቻ ይታየዋል፤ በውስጡም የማያውቃቸውን ስሞች ሲያይ ጥራጊ መስለውት ይሰርዛቸዋል። ከእንዲህ ያለ ተነቃይ ካርድ የተሰረዘ ፋይል እንደ ሌላው ወደ ቅርጫት ስለማይገባ ከዚያ አንሥቶ መመለስ አይቻልም።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዊንዶውስ ታላቁን የሊኑክስ ክፍል ማንበብ ስለማይችል ካርዱ ፎርማት ይደረግ ዘንድ ይጠይቃል። ሰውየው እሺ ያለ እንደሆነ፤ ወይም ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ሥርዓቱን እንደ ገና ከመጀመሪያ የጻፈበት እንደሆነ፤ በታላቁ ክፍል ያለው የዓመት ሥራ አብሮ ይጠፋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም። የተሰበረው የደጁ ቁልፍ ሳለ ቤቱን ማፍረስ አይገባም።

የጎደለውን ለማወቅ በገበታው ላይ ያለችውን አረንጓዴ መብራት መመልከት ይረዳል። 4 ጊዜ ብልጭ ብላ ካረፈች በኋላ ይህንኑ የምትደጋግም እንደሆነ ስታርት አልተገኘም ማለት ነው፤ 7 ጊዜ የሆነ እንደሆነ ከርነል አልተገኘም ማለት ነው። በቀድሞዎቹ ዓይነቶች ቀዩ መብራት በርቶ አረንጓዴው ፈጽሞ ብልጭ ያላለ እንደሆነ ቡትኮድ እንደ ጎደለ ወይም ካርዱ እንዳልተነበበ ያስረዳል።

ፋይል ተሰረዘ ማለት ተቃጠለ ማለት አይደለም። በታናሹ ክፍል ውስጥ የየፋይሉን ስምና የተቀመጠበትን ስፍራ የሚናገር ማውጫ አለ። ፋይል ሲሰረዝ ከስሙ የመጀመሪያው ፊደል ተነሥቶ በምትኩ 229 ቁጥር ይጻፍበታል፤ ስፍራውም ባዶ ተብሎ ይመዘገባል፤ ጽሑፉ ራሱ ግን ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። በብራና መጽሐፍ ቢመስሉት፤ ከማውጫው የአንዱ ምዕራፍ ስም ተፋቀ እንጂ ቅጠሉ አልተቀደደም። ነገር ግን ሌላ ጸሐፊ ቅጠሉን ባዶ ነው ብሎ ፍቆ የጻፈበት እንደሆነ የቀድሞው ጽሑፍ አይገኝም። ስለዚህ ፋይል መጥፋቱ እንደ ታወቀ በካርዱ ላይ ምንም አለመጻፍ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

መድኃኒቱም እንደ ሁኔታው ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛ፤ ፋይሎቹ የተሰረዙት ኮምፒዩተርዋ በምትሠራበት ሰዓት የሆነ እንደሆነ አታጥፏት። ከርነል አስቀድሞ ወደ ማሰቢያዋ ስለ ገባ እስክትጠፋ ድረስ ሥራዋን ልትቀጥል ትችላለች። በዚህ ጊዜ የተማሪዎችን ሥራ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቅደም፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ካለ የከርነሉንና የማስነሻውን ጥቅሎች እንደ ገና እንድትጭን ማዘዝ ነው።

ሁለተኛ፤ ኮምፒዩተርዋ ጠፍታ ከሆነ ካርዱን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር መስካት፤ የጎደሉትንም ፋይሎች ከተመሳሳይ ካርድ ወደ ታናሹ ክፍል መገልበጥ ነው። ተመሳሳይ ማለት የሥርዓቱ ዓይነትና የእትሙ ቁጥር አንድ የሆነ ማለት ነው። የከርነል ረዳቶች በታላቁ ክፍል ስለሚገኙ፤ ቁጥራቸው ከከርነሉ ቁጥር ጋራ ያልተስማማ እንደሆነ ኮምፒዩተርዋ ብትነሣም አንዳንዱ ሥራ እምቢ ይላታል።

ሦስተኛ፤ ቅጂ ከየትም ያልተገኘ እንደሆነ ቴስትዲስክ የሚባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም የተሰረዙትን ፈልጎ ያወጣል። አስቀድሞ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ማስቀረት፤ የተገኙትንም ፋይሎች በዚያው ካርድ ላይ ሳይሆን በሌላ ስፍራ ማኖር ያስፈልጋል።

ሲኤምዲላይን ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውስጡ ያለው መሥመር ታላቁን ክፍል በራሱ መለያ ቁጥር ይጠራዋልና ከሌላ ካርድ እንዳለ የተገለበጠ እንደሆነ ከርነል የማይገኘውን ቁጥር ሲፈልግ ይቆማል። ስለዚህ የራሱን ካርድ ቁጥር፤ ብልክአይዲ በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ አይቶ፤ በስፍራው መጻፍ ይገባል። ጽሑፉም ሁሉ በአንድ መሥመር መሆን አለበት፤ በሁለት ቢከፈል ሁለተኛው አይነበብም።

ይህ ሁሉ ድካም እንዳይመጣ የሚከለክለው ሥራ ግን ቀላል ነው። ኮምፒዩተርዋ በደኅና ሳለች የታናሹን ክፍል ፋይሎች ሁሉ በፍላሽ ገልብጦ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ማኖር፤ የሲኤምዲላይንንም መሥመር በወረቀት ጽፎ ከመዝገብ ጋራ ማስቀመጥ ነው። የማርክ መዝገቡም በየሳምንቱ በሌላ ፍላሽ ይገልበጥ። እንዲህ የተደረገ እንደሆነ የጫጫ አስተማሪ ባለሙያ ፍለጋ እስከ ደብረ ብርሃን ወይም እስከ አዲስ አበባ ሳይሄድ ኮምፒዩተርዋን በራሱ እጅ ያስነሣታል። ተማሪዎቹም አስተማሪያቸው ሳይቸኩል ምክንያቱን ፈልጎ ሲጠግን አይተው፤ የተሰበረ ነገር ሁሉ የሚጣል እንዳይደለ ይማራሉ።