ስለ ባላገር ጎጆና ስለ ሥራ ፈቃዱ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ቢልም፤ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ ለሠራው ቤት ሙሉ መብት ሰጥቶታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቍጥር 624 ደግሞ በዋናው የተደነገገው ነዋሪያቸው 10,000ና ከዚያ በላይ ለሆነ ከተሞች ነበር። ስለዚህ በገጠር ጎጆ ለሚቀልስ ባላገር ዋና ማስረጃው የይዞታ ደብተሩ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከተማው ወደ እርሻው ሲሰፋ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ፕላን አምጣ ይለዋል፤ ደብተሩን የጻፈው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ግን ስለ ፕላን ሥልጣን የለውም። በዚህ መካከል ክረምት ይገባል፤ ጎጆውም ሳይከደን ይቀራል። የከተማው ወሰን በሚከለልበት ጊዜ የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ሹማምንት መዝገባቸውን አስተያይተው ቀድሞ የቆመውን ቤት በባለቤቱ ስም ቢጽፉለት፤ ባላገሩ ከሁለት ደጅ ጥናት አንዱ በቀረለት ነበር።