ከዋሽንግተን እስከ ይፋግ፦ ስለ ርቀትና ስለ ሰዓት

ባለፈው ነሐሴ፣ በጾመ ፍልሰታ፣ በዋሽንግተን የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ወደ አገር ቤት ለመምጣት በተሰናዳች ጊዜ፣ በጣና አቅራቢያ ይፋግ ያለችው እናታችን እኅቴ የላከችውን ቲኬት ከስልኬ ላይ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ መነሻው ረፋድ 5 ሰዓት፣ መድረሻው በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት መሆኑን ስትሰማም፣ «ልጄ 20 ሰዓት ሙሉ እግሯ ምድር ሳይነካ ልትቆይ ነውን?» ብላ መቁጠሪያዋን አነሣች። ጥያቄው የብዙ እናቶች ጥያቄ ነውና ለእርሷ የነገርኋትን ለእናንተም ለመጻፍ ወደድሁ።

በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁለት መጋረጃ አለበት። አንደኛው፣ ፈረንጆች ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ሲጀምሩ እኛ ነግህን ይዘን ከንጋት ስለምንቆጥር፣ የእነርሱ 11፡00 የእኛ 5 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛውና የሚከብደው፣ መነሻው በዋሽንግተን፣ መድረሻው በአዲስ አበባ ሰዓት መጻፉ ነው። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ በራሷ ላይ ትዞራለችና፣ ለጣና ደሴቶች የወጣችው ፀሐይ ለዋሽንግተን እስክትወጣ ድረስ ብዙ ሰዓት ያልፋል፤ ስለዚህ የዋሽንግተን ሰዓት በነሐሴ ከእኛ በ7፣ በጥር በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። «እዚያ ረፋድ 5 ሰዓት ስትነሣ እኛ ዘንድ የሠርክ 12 ሰዓት ነው» አልኋት፤ ከዚያ እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ያለውን በጣቷ ቆጥራ 13 አገኘችና ፊቷ ፈካ።

መመለሻው ግን እንዲህ አይቀናም። ርቀቱ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ወደ እኛ የሚመጣውን ሲገፋ ወደዚያ የሚሄደውን ይቃወመዋል። ከዚህም ሌላ፣ የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ክንፍን የሚሸከምበት፣ ሞተርም የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳልና፣ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ መንገደኛ ጋር ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ደብሊን ወይም ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ይፋግ የጥንት ገበያ ናትና፣ በአህያና በበቅሎ የሚነግዱት አያቶቻችን አንድን ዳገት ለመውጣትና ለመውረድ የሚፈጀው ቀን እኩል አለመሆኑን ከእኛ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ፈትል ቢወጠር፣ ጎጃምን በሰያፍ አቋርጦ፣ ከጣና በስተ ምዕራብ አልፎ፣ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወደ ስፔን፣ ከዚያም ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይዘልቃል። አብራሪዎች እንደ ነፋሱና እንደ አገሮች ፈቃድ ከዚህ መሥመር ቢወጡም፣ ከይፋግ የሚነሣ መንገደኛ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ኋላ ወደ ራሱ አገር ሰማይ አቅጣጫ መመለሱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

እኅቴም በሰዓቷ ቦሌ ደረሰች፤ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር በአየር ያለውን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ሰዓት ግድም ጨርሳ፣ በሐሙሲትና በወረታ በኩል የፎገራን የሩዝ ማሳ እያየች በመኪና መጣች። እናቴ ከሠርክ ጀምራ 13ቱን ሰዓት በመቁጠሪያዋ ስትቆጥር አድራ ነበርና፣ ከደጅ ስትቀበላት ዓይኗ ከመንገደኛዋ ይልቅ ቀልቶ ነበር።