የስታቲስቲክስ ጭንቀትን በመጠይቅ መለካት፦ ውጤቱ ምን ያህል ይታመናል?

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ግቢ ስታቲስቲክስ የምትማሩ ልጆች፣ «ከ1 እስከ 5 ምን ያህል ትጨነቃላችሁ?» የሚል መጠይቅ ሊደርሳችሁ ይችላል። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ስታርስ ይባላል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን 51 ጥያቄዎች አሉት፤ ጭንቀትን በቀጥታ የሚጠይቁት ግን 23ቱ ብቻ ናቸው። 28ቱ ስለ ትምህርቱ ጥቅም፣ ስለ ስሌት ችሎታና ስለ መምህሩ ነው የሚያወሩት። ሁሉንም ደምሮ «ይሄ ልጅ ጭንቀታም ነው» ማለት አያስኬድም፤ መምህሩን ጠልቶ ሊሆን ይችላላ!

«አስተማማኝነቱ 0.90 ነው» ሲባልም እንዳንሸወድ። ክሮንባክ አልፋ የሚባለው ይሄ ቁጥር መልሶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ እውነት መሆናቸውን አይነግረንም። ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ የሚጨምር ሚዛንም እኮ አይለዋወጥም። ደግሞ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲበዛ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ትርጉሙ ሌላ ጣጣ ነው። በአማርኛ «ጨነቀኝ» ስንል ፈራሁም፣ ግራ ገባኝም፣ ሥራ በዛብኝም ማለታችን ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትን የአእምሮ ጤና መጠይቅ በኢትዮጵያ የፈተሸ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ሰዎች ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱትና ለምን እንዲያ እንደመለሱ መርምሯል። በእኛ እይታ መጠይቁ ከመበተኑ በፊት ጥቂት ተማሪዎች እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አፍ ቢያስረዱ ብዙ ነገር ይጠራል። ወረቀቱን የሚሰበስበው ያው ውጤት የሚሰጠው መምህር ከሆነ ግን፣ ማን ደፍሮ «መምህሩን እፈራለሁ» ብሎ 5 ያከባል?