የፌስቡኩ ደንበኛ የሱቁ ነው ወይስ የልጁ?

የአዲስ አበባ ችርቻሮ ንግድ ከሱቅ መስኮት ወደ ስልክ መስተዋት መሸጋገር ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል። በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጠው፣ በመርካቶ ጫማ የሚያከፋፍለው፣ በቦሌ ቡቲክ የከፈተው፣ ቤትና መኪና የሚያሻሽጠው ደላላ ሳይቀር ጠዋት ያለውን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፤ ከሥሩም «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ይጽፋል። ብዙው ነጋዴ ይህን የሚያደርገው ሠርጉንና የልጁን ክርስትና በለጠፈበት በዚያው የግል ገጹ ላይ ነው። አሁን አሁን ግን ገጹን ሲከፍት ወደ «ፕሮፌሽናል» እንዲለውጠው የሚጋብዝ መልእክት ይመጣለታል። ለውጡ ክፍያ የለውም፤ ጥቂት ጊዜ ስልኩን መነካካት ብቻ ይበቃዋል። ሆኖም ነፃ የተባለ ዕቃ ዋጋው የት ላይ እንደተደመረ መጠየቅ የነጋዴ ወግ ነውና ሒሳቡን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፌስቡክ የግል ገጽ ከ5,000 በላይ ጓደኛ አይቀበልም። ንግዱ የሰመረለት ሰው ይህ ቁጥር ሲሞላበት ሁለተኛና ሦስተኛ ገጽ እየከፈተ ደንበኛውን ሲበትን ኖሯል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2016 ለንግድ ድርጅቶች፣ በ2019 ደግሞ «ክሪኤተር» ለሚባሉት፣ ማለትም በራሳቸው ስምና ሥራ ተመልካች ለሚስቡ ሰዎች፣ የተለየ የገጽ ዓይነት አዘጋጀ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 «ፕሮፌሽናል ሞድ» የተባለውን መጀመሪያ በአሜሪካ ከፈተ፤ በኋላም ለሌሎች አገሮች አዳረሰው። በዚህ አሠራር ሰውየው ስሙንና ጓደኞቹን እንደያዘ፣ ጓደኛው ያልሆነ ሰው ሁሉ ያለ ቁጥር ገደብ «ተከታይ» ሊሆነው ይችላል።

ለነጋዴው ዋናው ትርፍ ግን የተከታዩ ብዛት አይደለም፤ አኃዙ ነው። ገጹ ሲለወጥ የትኛው ፖስት በስንት ሰው እንደታየ፣ ተመልካቹ በየትኛው ከተማ እንደሚኖር፣ ዕድሜውና ፆታው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይከፈትለታል። ይህ ቀደም ሲል ድርጅቶች ለገበያ ጥናት ገንዘብ ከፍለው የሚያገኙት ዓይነት መረጃ ነው።

አንድ የሽሮ ሜዳ ነጋዴን እንውሰድ። ቀሚሶቹን የሚለጥፈው ለአዲስ አበባ ሰው እየመሰለው ነው እንበል። ሠንጠረዡን ሲያይ ግን ከተመልካቹ ግማሹ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በዱባይና በሪያድ የሚኖር ሆኖ ቢያገኘው ሥራው ሁሉ ይለወጣል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ በሚሄድበት በምሽቱ 2 ሰዓት ዋሽንግተን ገና ቀትር ላይ ነው፤ ጠዋት የለጠፈው ፎቶ እዚያ ያለው ደንበኛ ተኝቶ ሳለ ነው የወጣው። ሪያድ በአንጻሩ የሰዓት ልዩነት የለውም። ለጥር ሠርግ የሚፈለግ ቀሚስ ተሸምኖ፣ ጥለቱ ተሠርቶ፣ ተሰፍቶ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ወይም በፖስታ ባሕር ማዶ መድረስ ስላለበት፣ ዲዛይኑ ለውጭ ደንበኛ መታየት ያለበት ከአዲስ አበባው ደንበኛ ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ነው። የሸማኔ ቀብድ መቼ እንደሚከፈልና ፈትል መቼ እንደሚገዛ ሳይቀር ከዚህ ሠንጠረዥ ጋር ይያያዛል ማለት ነው። የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ ለሁለት ወር በዕቃ ላይ ታስሮ ለሚቀመጥበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና አኃዙ የሚያሳየው ዓይን እንጂ ኪስ አይደለም። አሥር ሺሕ ሰው አይቶት አንድም ሰው ያልከፈለበት ፎቶ ሞልቷል። ስንት ሰው ዋጋ ጠየቀ፣ ከጠየቀው ውስጥ ስንቱ ከፈለ የሚለውን ነጋዴው ራሱ በደብተር መያዝ አለበት፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ነው ትርጉም የሚሰጡት። ተከታይ በገንዘብ የሚገዛ ሰው ደግሞ በዚህ ረገድ ራሱን ይጎዳል። የተገዛው ተከታይ ከማያውቀው አገር ተሰብስቦ ሠንጠረዡን ስለሚያበላሸው፣ ለገዛ ገበያው መመሪያ የሚሆነውን መስተዋት ራሱ ሰበረው ማለት ነው።

በገበያው የሚናፈሰው ወሬ ግን ስለ ሠንጠረዡ አይደለም፤ «ገጹን ከለወጥክ ኩባንያው በዶላር ይከፍልሃል» የሚል ነው። ይህ ከግማሽ ያነሰ እውነት አለው። ክፍያ የሚባለው ነገር በእርግጥ አለ፤ ግን ከገጹ ዓይነት በተጨማሪ በአገር የተወሰነ ነው። የቲክቶክ የክሪኤተር ክፍያ መርሐ ግብር 10,000 ተከታይና በ30 ቀን 100,000 ዕይታ ከመጠየቁም በላይ የተከፈተው እንደ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ፈረንሣይ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ብራዚልና ሜክሲኮ ላሉ ጥቂት አገሮች ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 ለናይጄሪያና ለጋና በሩን ሲከፍት ራሱን የቻለ ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዶላሩን በማሰብ ብቻ ገጹን የሚለውጥ ነጋዴ ያልተዘራ እህል እየለካ ነው። ቀሚስ ሻጭ የሚኖረው ቀሚስ ሸጦ ነው።

ሌላው ነጥብ ምርጫው ነው። ኢንስታግራም ገጹን የሚለውጠውን ሰው «ክሪኤተር ነህ ወይስ ቢዝነስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ብዙ ነጋዴዎች የመጀመሪያውን የሚመርጡት በዘፈን ምክንያት ነው። ቢዝነስ የተባለ ገጽ በቪዲዮው ላይ እንዲያደርግ የሚፈቀድለት ሙዚቃ ለንግድ ሥራ የተፈቀደው ውስን ክምችት ሲሆን ታዋቂ ዘፈኖች አይገኙበትም። በቲክቶክም እንዲሁ ነው። ክሪኤተር ሆኖ ሲመዘገብ ክምችቱ ይሰፋለታል። ነገር ግን ኩባንያው ከዘፈን ባለመብቶች ጋር የተዋዋለው ሰዎች እንዲዝናኑበት እንጂ ሶፋ እንዲሸጥበት አይደለም። በአገር ውስጥም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ለደራሲውና ለከዋኙ መብት ሰጥተዋል። ስም ያለው ድምፃዊ ዘፈኑ የጫማ ማስታወቂያ ሆኖ ቢያገኘው፣ ገጹ «ክሪኤተር» መባሉ ለጫማ ሻጩ መከላከያ አይሆነውም።

የግል ሕይወት ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስበው ከለወጠ በኋላ ነው። በፌስቡክ ከለውጡ በኋላ የሚወጣው ፖስት፣ ባለቤቱ ካልገደበው በስተቀር፣ ለማንም ክፍት ይሆናል። በኢንስታግራም ፕሮፌሽናል የሆነ ገጽ ጨርሶ ተቆልፎ ሊቀመጥ አይችልም፤ ለወራት በር ላይ ቆመው ፈቃድ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎችም በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ተመልሶ ወደ ግል መለወጥ ይቻላል፤ ያኔ ግን የተጠራቀመው አኃዝ ይጠፋል። ክፍት ገጽ ለደንበኛ ብቻ አይከፈትም። ጎረቤት ሱቅ ዛሬ ምን እንዳስገባ ያያል፣ አቅራቢው ስንት አትርፈህ እንደምትሸጥ ይገምታል፣ ግብር ሰብሳቢውም ዓይን አለው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ሳያወጣ የሚነግድ ሰው በስልክ መነገዱ ነፃ አያደርገውም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። በውስጥ መስመር «በዚህ ዋጋ ይሁን» ተብሎ ቀብዱ በቴሌብር ከተላከ፣ በኋላ «አላልኩም» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

ማስታወቂያን በክፍያ ማሰራጨት፣ በተለምዶ «ቡስት» የሚባለው፣ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ 10 ዶላር ማስታወቂያ 570 ብር ይሆናል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም መጨረሻ ዶላሩ ከ130 ብር አልፎ ስለነበር ያው ማስታወቂያ ከ1,300 ብር በላይ ወጣ። ካርድ የሌለው ነጋዴ ካርድ ላለው አገናኝ የሚከፍለው ኮሚሽን በዚህ ውስጥ አልገባም። ማስታወቂያው እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ያለ ክፍያ የሚመጣ ተከታይ ዋጋው በዚያው ልክ ጨምሯል። ታዲያ ይህ ዋጋ የማን ሀብት ነው?

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ሱቆች ገጹን የከፈተው ባለሱቁ አይደለም። ስልክ የሚያውቅ የወንድም ልጅ ወይም ሽያጭ ሠራተኛዋ በራሷ ስምና በራሷ ስልክ ቁጥር ከፍታው፣ መልኳንም ድምፅዋንም ሰጥታ ያሳደገችው ነው። ገጹ ፕሮፌሽናል ሲሆን ሃያ ሺሕ ተከታይ ይሰበስባል። ከዚያ ደመወዝ ላይ አለመስማማት ይመጣና ልጅቷ ሁለት ሱቅ አልፋ ትከራያለች። ደንበኛው የሚከተለው እሷን ነው፤ ባለሱቁ የቀረው መደርደሪያው ነው። እሷስ ብትሆን ተበደለች እንጂ በደለች ማለት ይከብዳል፤ ለሁለት ዓመት የሠራችው የማስታወቂያ ሥራ በደመወዟ ውስጥ አልተቆጠረም።

የንግድ ሕጋችን፣ በ1952 ዓ.ም የወጣውም ሆነ በ2013 ዓ.ም የተተካው፣ የንግድ መደብር ሲሸጥ ከዕቃው ጋር «መልካም ዝና» የሚባል ግዙፍነት የሌለው ሀብት እንዳለ ያውቃል። ነጋዴው ከደንበኛው ጋር ያለው ግንኙነት ዋጋ ያወጣል ማለት ነው። የመርካቶ ሰው «ቁልፍ» ብሎ የሚከፍለው ገንዘብ ከዚህ ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ዛሬ የዚህ ዝና ትልቁ ክፍል የተቀመጠው በገጹ ላይ ሆኖ ሳለ ገጹ ግን በግለሰብ ስም ነው።

ልዩነቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ደላላው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ የሠርግ ፎቶ አንሺው ሸቀጣቸው ራሳቸው ናቸው፤ ቢሮ ቢቀይሩም ስማቸው አብሯቸው ይሄዳል። ለእነርሱ የግል ገጽን ወደ ፕሮፌሽናል መለወጥ የሚስማማ ነው። ሱቅ ግን የሚሸጥ፣ የሚወረስ፣ ሸሪክ የሚገባበት ነገር ነው። ለሱቅ የሚሻለው በድርጅቱ ስም የሚከፈተው የፌስቡክ «ፔጅ» ሲሆን፣ ከአንድ በላይ አስተዳዳሪ ሊመደብለት፣ ሠራተኛ ሲወጣም ከዝርዝሩ ሊሰረዝ ይችላል። ድክመቱ በሰው ስም ከሚወጣው ፖስት ይልቅ ድርጅት የለጠፈው ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ነው፤ ሰው ሰውን ማየት ይወዳል። ስለዚህ አንዳንዱ ነጋዴ ልጅቷን በፔጁ ላይ እንድትታይ አድርጎ ከሽያጩ ድርሻ ያስብላታል። ከሁሉም ይህ ፍትሐዊ ይመስላል።

የትኛውም ቢመረጥ ገጽ በሌላ ሰው መሬት ላይ የተሠራ ሱቅ መሆኑ አይቀርም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በአገሪቱ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው በነበረ ጊዜ፣ በቪፒኤን መግባት ያልቻለ ደንበኛ ለሻጩ ጠፍቶበት ነበር። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዘ ነጋዴ ግን ደውሎ መሸጥ አላቆመም። የፋሲካንም የግንቦትን ሠርግም ገበያ ያካተተ አምስት ወር እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

በመደብር ሽያጭ ውሎች ላይ የወንበሩ፣ የመስተዋቱና የሂሳብ መመዝገቢያ መሣሪያው ቁጥር ሳይቀር ይዘረዘራል። የገጹ ስም፣ የተከታዩ ብዛትና የይለፍ ቃሉ ርክክብ የሚሰፍርበት አንቀጽ ግን ገና አልተለመደም። ገዢ የሱቁን ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት ገጹን ከፍቶ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ቢነካና ማረጋገጫው በማን ስልክ ላይ እንደሚደወል ቢያይ፣ የሚገዛው መደብር ይሁን ባዶ ክፍል በግማሽ ደቂቃ ያውቀዋል።